እስከ መጨረሻው የሚቀመጥ ሰው

በእኛ ሰፈር ለሞተው ጋዜጣ ያዘነ አበሻ አላየሁም። ጋዜጣው «ዘ ጋዜት» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 ሜሪላንድ ውስጥ በጌይተርስበርግ ከተማ ተጀምሮ ኋላ መላውን የሞንትጎመሪ ካውንቲ ያዳረሰ ሳምንታዊ ጋዜጣ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በፕላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ በየደጃፉ በነፃ ይጣል ነበር። በ2013 ከዋሽንግተን ፖስት ጋር አብሮ ለአማዞን መሥራች ለጄፍ ቤዞስ ተሸጠ፤ በጁን 2015 ተዘጋ። በጃንዋሪ 2020 ደግሞ ከ1855 ጀምሮ ሲታተም የኖረው «ሴንቲነል» ተከተለው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርበት ካውንቲ፣ ያውም ከአሜሪካ ዋና ከተማ ጋር አጥር የሚጋራ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጋዜጣ ቀበረ።

ጋዜጣው ውስጥ ምን ነበር? የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የእግር ኳስ ውጤት፣ የሞቱ ሰዎች ዜና፣ የፖሊስ ዘገባ፣ አዲስ የተከፈተ ምግብ ቤት። ከእነዚህ መካከል ግን የትኛው መንገድ ሊዘጋ እንደታሰበ፣ የትኛው አፓርታማ ፈርሶ በምን እንደሚተካ፣ የትምህርት ቤት ክልል እንዴት እንደሚከለል የሚናገሩ ዜናዎች ነበሩ። ስማቸው በሌላ በየትም የማይጠራ ሹማምንት ምን እንዳሉና በምን ድምፅ እንደሰጡ ተጽፎ ይገኝ ነበር። እንዲህ ያለውን ዜና ትልቁ ጋዜጣ አይጽፈውም፤ ለእሱ ትንሽ ነው። ለሚመለከተው ቤተሰብ ግን የዓመቱ ትልቁ ዜና ሊሆን ይችላል።

በዚሁ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት የእኛ ቡና ቤቶች አንዱ ገብታችሁ ብትቀመጡ ስለ አራት ኪሎ የማይነገር ነገር የለም። ማን ተሾመ፣ ማን ተሻረ፣ ማን ከማን ጋር ተጣላ፣ ሁሉም ከነምክንያቱ ይተነተናል። ይህን በክፉ አላነሳም። እናቱ፣ ወንድሙ፣ መሬቱ እዚያ የሆነ ሰው ሌት ተቀን ልቡ እዚያ ቢሆን የሚፈረድበት አይደለም። ነገር ግን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ በሕግ ከተማ አለመሆኗን፣ ከንቲባም የራሷ ምክር ቤትም እንደሌላት፣ የሚያስተዳድራት ሮክቪል የተቀመጠው 11 አባላት ያሉት የካውንቲው ምክር ቤት መሆኑን የሚያውቀው ስንቱ ነው? በጁላይ 2023 ይህ ምክር ቤት የዓመት የቤት ኪራይ ጭማሪ ከ6 በመቶ እንዳያልፍ የሚያግድ ሕግ አጸደቀ። ሕጉ ከ23 ዓመት በታች ዕድሜ ያላቸውን ሕንፃዎች አይነካም። ስለዚህ አንድ ተከራይ የሚኖርበት ሕንፃ መቼ እንደተሠራ ማወቁ ከኪሱ የሚወጣውን ገንዘብ ይወስናል። ክርክሩ ወራት ፈጅቷል፤ አከራዮች ተሰልፈው መስክረዋል፤ ተከራዮችም መስክረዋል። የእኛ ሰው አብዛኛው ተከራይ ሆኖ ሳለ ጉዳዩን የሰማው ካለቀ በኋላ ነው፤ ያውም የሰማ ካለ።

ጋዜጣ የማንወድ ሕዝብ ሆነን አይደለም። በአዲስ አበባ አራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣ አከራዮች እንደነበሩ የዚያ ዘመን ሰው ያስታውሳል። መግዛት ያልቻለ አንባቢ ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ፣ ግንብ ተደግፎ ወይም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ የተወሰነ ደቂቃ ያነብና ለባለቤቱ ይመልሳል። ከዳር ቆሞ በትከሻው በኩል የሚያነብም አይጠፋም። ሥራ ፈላጊው ክፍት የሥራ ቦታ ያለበትን ገጽ ብቻ ይከራያል። አንድ ቅጂ በቀን የስንት ሰው እጅ እንደሚያልፍ ከጠርዙ መወየብ ይታወቅ ነበር። ከ1992ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ እንደ አሸን የፈሉትን ጋዜጦች ሕዝቡ በእንዲህ ያለ ፍቅር ነው ያነበባቸው።

ነገር ግን እነዚያ ጋዜጦች ከሞላ ጎደል የአዲስ አበባ ነበሩ፤ የሚጽፉትም ስለ አገር ጉዳይ ነው። የክልል መንግሥታት የሚያሳትሟቸው እንደ ባሕር ዳሩ «በኵር» ያሉ ጋዜጦች ቢኖሩም፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ሆሳዕና ውስጥ የከተማው ምክር ቤት ማክሰኞ ዕለት ምን እንደወሰነ ሐሙስ የሚነግረን የግል ጋዜጣ አልነበረንም። የቀበሌው ነገር የሚሰማው በእድር፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በቡና ላይ ነው። በእኛ አእምሮ ጋዜጣ ማለት ስለ ቤተ መንግሥት የሚያወራ ነገር ሆኖ ቀረ። አሜሪካ ስንመጣ ያንኑ ልማድ ይዘን መጣን። ደጃፋችን ላይ የሚጣለው፣ ስለ ቆሻሻ አሰባሰብና ስለ አውቶቡስ መስመር የሚጽፈው ወረቀት ጋዜጣ አልመሰለንም። እኔ ዛሬ የምከራከርለት ግን ለእሱ ነው።

የከተማ ምክር ቤት ስብሰባ ገብቶ ያላየ ሰው እንዲረዳኝ ትንሽ ልዘርዝር። የምኖረው ከሲልቨር ስፕሪንግ ጎን ባለችው በታኮማ ፓርክ ነው፤ 17 ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት፣ የራሷ ከንቲባና ስድስት የምክር ቤት አባላት ያሏት ትንሽ ከተማ ናት። ስብሰባው ማታ ይጀመራል። መጀመሪያ ነዋሪዎች እየተነሡ ይናገራሉ፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲቆጥር ፊት ለፊት ይታያል። አንዱ ስለ ዛፍ ይናገራል፣ አንዱ ስለ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ አንዷ ስለ አይጥ። ከዚያ ተናጋሪዎቹ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። አዳራሹ ባዶ ሊሆን ምንም ሲቀረው ነው ገንዘብ የሚመደብበት፣ ውል የሚታደስበት ሰዓት የሚደርሰው።

በአብዛኛው የአሜሪካ ምክር ቤት አጀንዳ ላይ፣ ያለ ውይይት ተጠቅልለው በአንድ ድምፅ የሚያልፉ ጉዳዮች ዝርዝር አለ። አብዛኛው በእርግጥም ጊዜ የማይገባው ነው። ከዝርዝሩ አንዱ መስመር ግን «ከአማካሪ ድርጅቱ ጋር የተገባው ውል ሦስተኛ ማሻሻያ» ይላል እንበል። የመጀመሪያው ውል ስንት እንደነበር፣ ሁለተኛው ማሻሻያ ስንት እንደጨመረ፣ ያኔ ምን ቃል እንደተገባ የሚያስታውስ ማን ነው? ባለፈው ዓመት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ የነበረ ሰው ብቻ ነው። የሰፈር ጋዜጣ ዘጋቢ ማለት እሱ ነበር። ደመወዝ እየተከፈለው አሰልቺውን ስብሰባ እስከ መጨረሻው የሚቀመጥ፣ በሚቀጥለው ወርም የሚመለስ፣ ሹሙ ሊረሳው የፈለገውን ማስታወሻ ደብተሩ ላይ የያዘ። ብዙ ጊዜ መጻፍ እንኳን አያስፈልገውም ነበር፤ መኖሩ ብቻ ተናጋሪውን ያርመዋል።

ሰውየው ከሌለ ምን እንደሚሆን ማወቅ ለሚፈልግ ቤል የምትባለውን ከተማ ታሪክ እነግረዋለሁ።

ቤል በካሊፎርኒያ፣ ከሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለች ትንሽ የሠራተኞች ከተማ ናት። ከ35 ሺህ እምብዛም የማይበልጥ ነዋሪ አላት፤ አብዛኛው ከላቲን አሜሪካ የመጣ ስደተኛና የስደተኛ ልጅ ነው። የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ ሮበርት ሪዞ በ1993 ሲቀጠር ደመወዙ በዓመት 72,000 ዶላር ነበር። በ2010 787,637 ዶላር ደርሶ ተገኘ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ደመወዝ 400,000 ዶላር ነው። የፖሊስ አዛዡ 457,000 ይከፈለው ነበር። የምክር ቤቱ አባላት፣ ሥራቸው የትርፍ ጊዜ ሆኖ ሳለ፣ አብዛኞቹ በዓመት ወደ 100,000 ዶላር ይወስዱ ነበር።

እንዴት ሆነ? በኖቬምበር 2005 ከተማዋ ልዩ ምርጫ ጠራች። ለሕዝብ የቀረበው ጥያቄ ቤል የራሷ መተዳደሪያ ቻርተር ይኑራት ወይስ አይኑራት የሚል፣ ሲያነቡት እንቅልፍ የሚያመጣ ነገር ነው። ድምፅ የሰጠው ሰው 400 አልሞላም። ሐሳቡ አለፈ፤ ከዚያ በኋላ የካሊፎርኒያ ሕግ በምክር ቤት አባላት ደመወዝ ላይ ያስቀመጠው ጣሪያ ቤልን መያዙ ቀረ። አባላቱ ስም ብቻ ያላቸው ቦርዶች ውስጥ ገብተው ለእያንዳንዱ አበል መቁረጥ ጀመሩ። ከቦርዶቹ አንዳንዶቹ ተሰብስበው የሚነሡት በደቂቃዎች ውስጥ ነበር። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት እነዚህ ሰዎች ባይሰሙትም ኖረውበታል። የሚበላውን የሚያመጣው ደግሞ ድሃው ነበር፤ የቤል የንብረት ግብር በካውንቲው ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነበር፣ ፖሊሶቿም የነዋሪዎችን መኪና እየያዙ ለማስለቀቂያ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያስከፍሉ ነበር።

ከታሪኩ ሁሉ የሚያንገበግበኝ የሚከተለው ነው። ሕዝቡ ዝም አላለም። በ2008 አንድ ነዋሪ የሹማምንቱን ደመወዝ በጽሑፍ ጠይቋል፤ መብቱ ነውና መልስ ተሰጠው። መልሱ ሐሰት ነበር። በወረቀቱ ላይ የሪዞ ደመወዝ ከእውነተኛው እጅግ ያነሰ፣ የምክር ቤት አባላቱም በወር 673 ዶላር ብቻ እንደሆነ ተጽፎ ነበር። ሰውየው ሥራ ያለው፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር አንድ ግለሰብ ነው፤ ወረቀቱን ይዞ ከመሄድ ሌላ ምን ያድርግ? ያንኑ ጥያቄ በ2010 የሎስ አንጀለስ ታይምስ ዘጋቢዎች ጄፍ ጎትሊብና ሩበን ቪቬስ ሲያነሡ ነገሩ ተለወጠ። ከኋላቸው አዘጋጅና ጠበቃ አለ፤ «ነገ ተመለሱ» ቢባሉ ነገ ይመለሳሉ። ይህም ሆኖ ወደ ቤል የመጡት በአጋጣሚ ነው፤ የጎረቤቷን የሜይዉድን ጉዳይ ሲከታተሉ። ዜናው በጁላይ ወጣ። በቀናት ውስጥ ሪዞ ሥራውን ለቀቀ፤ በሴፕቴምበር ታሰረ፤ በ2014 12 ዓመት ተፈረደበት። በማርች 2011 ሕዝቡ በከፍተኛ ቁጥር ወጥቶ ምክር ቤቱን አባረረ። ጋዜጣው የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ።

ሽልማቱ ተገቢ ነው። የምጠይቀው ግን ስለ ቀደሙት ዓመታት ነው። ደመወዙ ከ72,000 ወደ 787,637 በአንድ ሌሊት አልዘለለም፤ ዓመት በዓመት ነው የወጣው። በእነዚያ ዓመታት ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጥ የቤል ጋዜጣ ዘጋቢ አልነበረም።

በተቃራኒው ጋዜጣዋን ያቆየች ከተማ ምን እንደምትመስል ካንሳስ ያለችው ማሪዮን አሳይታለች። ነዋሪዋ 2,000 እንኳን አይሞላም፤ ሳምንታዊ ጋዜጣ ግን አላት። በኦገስት 11፣ 2023 ፖሊስ የጋዜጣውን ቢሮና የባለቤቶቹን ቤት በርብሮ ኮምፒውተሮቹን ወሰደ። ከባለቤቶቹ አንዷ የሆኑት የ98 ዓመቷ ጆን ሜየር ከብርበራው ማግሥት ዐረፉ። የጋዜጣው ቀጣይ እትም በቀኑ ወጣ። የፖሊስ አዛዡ ሁለት ወር ሳይሞላ ሥራውን ለቀቀ። ሹማምንት የሰፈር ጋዜጣን እንዲህ የሚፈሩት ቢያነቡት ነው፣ ጎረቤቶቻቸውም ስለሚያነቡት ነው።

ጋዜጦቹን የገደላቸው ምን እንደሆነ ብዙ ተጽፏልና አላስረዝምም። የሰፈር ጋዜጣ የሚኖረው በዜናው ሽያጭ ሳይሆን ከኋላ ገጾቹ ላይ ባሉት ማስታወቂያዎች ነበር፤ የሚከራይ ቤት፣ የሚሸጥ መኪና፣ ክፍት የሥራ ቦታ። እነዚያን መጀመሪያ ክሬግስሊስት የተባለው የኢንተርኔት ማስታወቂያ ገጽ በነፃ ወሰዳቸው፣ የቀሩትን ጉግልና ፌስቡክ። የአሜሪካ ጋዜጦች የማስታወቂያ ገቢ በ2006 49 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2020 ከ10 ቢሊዮን በታች ወርዷል። ሲዳከሙ ደግሞ ሕንፃቸውን ሸጠው፣ ሠራተኛ ቀንሰው ትርፍ ለማውጣት ብቻ የሚገዟቸው የገንዘብ ድርጅቶች መጡ። ከ2005 ወዲህ ከአገሪቱ ጋዜጦች ከሲሶ በላይ ጠፍተዋል፤ ከ200 በላይ ካውንቲዎች አንድም የአካባቢ ዜና ምንጭ የላቸውም። በኬንተኪ ድንበር ላይ ባለችው የኦሃዮ ከተማ በሲንሲናቲ፣ በ2007 መጨረሻ «ሲንሲናቲ ፖስት» ሲዘጋ ኢኮኖሚስቶች ተከታትለው አጥንተው ነበር። ጋዜጣው በብዛት ይነበብባቸው በነበሩት የኬንተኪ ከተሞች ለምርጫ የሚወዳደረው ሰው አነሰ፣ ሥልጣን ላይ ያለው መልሶ የመመረጥ ዕድሉ ጨመረ።

ክፍተቱን የሞሉ ደፋሮች እዚህም እዚያም አሉ። በሲያትል ምዕራብ በኩል አንድ ባልና ሚስት በ2005 የጀመሩት የሰፈር ብሎግ፣ በዲሴምበር 2006 ከባድ ማዕበል መብራት ባጠፋ ጊዜ ሕዝቡ መረጃ የሚያገኝበት ሆነ፤ ኋላም ሙሉ ሥራቸው ሆኖ ከአካባቢው ነጋዴዎች በሚያገኘው ማስታወቂያ ይኖራል። አከብራቸዋለሁ። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ሥራ በሁለት ሰው ጤንነት ላይ የቆመ ነው። የሚበዛው ደግሞ እሱ አይደለም። የሚበዛው የሰፈር ቡድን ገጽ ነው፤ የጠፋ ድመት፣ የተሰማ ተኩስ፣ «ይህን ሰውዬ የሚያውቀው አለ?» የሚል ፎቶግራፍ። እዚያ ላይ ቁጣ በደቂቃ ይዛመታል፣ የውል ማሻሻያ ቁጥር ሦስትን ግን የሚያነሣው የለም።

በእኛ በኩል ያለው ነገር ከዚህ ሁሉ ይለያል፣ ተስፋዬም ያለው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካን የሰፈር ጋዜጣ የገደለው የማስታወቂያ መሸሽ ከሆነ፣ የእኛ ማስታወቂያ ገና አልሸሸም። በየዓመቱ ጡብ የሚያክለውን የኢትዮጵያውያን የሎው ፔጅስ (የንግድ አድራሻ መጽሐፍ) ተመልከቱ። የኢሚግሬሽን ጠበቃው፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የትኬት ወኪሉ፣ ግብር የሚሠራው፣ ቤት የሚያሻሽጠው፣ ሁሉም ከነፎቶግራፋቸው አሉ። የቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይም አሉ። ገንዘቡ በማኅበረሰቡ ውስጥ ይዘዋወራል። ከዚያ ላይ ጥቂቱ አንድ ሰው ሮክቪል ሄዶ እንዲቀመጥ ቢያስችል፣ የጻፈውንም በአማርኛ ቢያወጣ፣ ከማንም ቸርነት የሚጠብቅ ሥራ አይሆንም።

አንባቢውም አለ፣ መራጩም አለ። ታኮማ ፓርክ ከ1992 ጀምሮ ዜግነት የሌለው ነዋሪ በከተማዋ ምርጫ እንዲመርጥ ትፈቅዳለች። ይህን ስነግረው የማይደነግጥ አበሻ የለም። ለፕሬዚዳንትና ለኮንግረስ አይደለም፤ ለከንቲባና ለምክር ቤት አባል ግን ዜግነት ሳይጠየቅ ይመርጣል። በ2013 ደግሞ በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሆና የመምረጫ ዕድሜን ወደ 16 ዝቅ አደረገች። ገና ዜግነት ያላገኘች እናትና የ16 ዓመት ልጇ አብረው ሄደው ድምፅ ሊሰጡ ይችላሉ ማለት ነው። በምክር ቤት ምርጫ አንድ ወረዳ በጥቂት መቶ ድምፅ ሊያልቅ በሚችልባት ከተማ አንድ አፓርታማ ሙሉ ሕዝባችን የማይናቅ ኃይል ነው። ከአገራችን ስንወጣ ይህን መብት ስንመኝ ነበር፤ እዚህ ደጃፋችን ላይ ተቀምጦ እንዳላየነው ማለፋችን ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ጀምረናል። አንድ ገጽ ነው፤ ምን ተወሰነ፣ ማን ምን ድምፅ ሰጠ፣ ቀጥሎ ምን ይመጣል፣ ቅሬታ የት ይቀርባል። እንጀራ በሚሸጥባቸው ሱቆች ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ በስልክም ይላካል። በስልክ መላኩ የበለጠ እንደሚሠራ ገምቼ ነበር፤ ሰው ቆሞ የሚያነበው ግን ሰሌዳው ላይ ነው። አንድ ቀን አንዲት እናት የተለጠፈውን የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ አንብበው ከቦርሳቸው አከራያቸው የላከውን ደብዳቤ አወጡ። «ልጄ፣ እስቲ ይህንን እይልኝ፤ እነሱ የጻፉት ከዚህ ይበልጣል» አሉኝ። እውነትም ይበልጥ ነበር። ታኮማ ፓርክ ለዚህ የተመደበ ቢሮ አላት፤ አስተርጓሚም ታቀርባለች። እሳቸው በዚያ አፓርታማ ለብዙ ዓመት ሲኖሩ ይህን የነገራቸው አልነበረም።

የታኮማ ፓርክን ምክር ቤት እኔ ይዣለሁ። የካውንቲውን የትራንስፖርት ጉዳይ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ይዘውታል፤ ከማናችንም በላይ መንገዱን ያውቁታል፣ ሲጽፉም ቁጥር አይሳሳቱም። የመሬት አጠቃቀሙን አንዲት የሕግ ተማሪ ትከታተላለች። የትምህርት ቦርዱን የሚይዝልን ሰው ግን እስካሁን አላገኘንም፤ ከካውንቲው በጀት ግማሽ ገደማው የሚሄደው ወደ ትምህርት ቤቶች ነው፣ ልጆቻችን የሚውሉትም እዚያ ነው። ስብሰባው ሮክቪል ነው፤ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ በቤት ሆኖም በቀጥታ ሥርጭት መከታተል ይቻላል። ረጅም ነው፤ አስቀድሜ እናገራለሁ። አማርኛ አስተካክሎ የሚጽፍ፣ እንግሊዝኛውን የሚሰማ፣ እስከ መጨረሻው መቀመጥ የሚችል ሰው ካለ ይጻፍልኝ።